አስራ ሰባተኛው ደብተር

የበረኪና ሽታ ባገኘሁ ቁጥር እናቴ ከኋላዬ የቆመች ይመስለኛል። ካዛንቺስ ውስጥ የሆቴል አንሶላ ታጥብ ስለነበር እጇ ዓመቱን ሙሉ በረኪና በረኪና ይል ነበር፤ ዳቦ ስትቆርስልኝ ዳቦው ሳይቀር ያንኑ ይሸታል። ባለፈው ወር ከድሮ ትምህርት ቤቴ ያመጣሁት ደብተር ግን እሷን አይሸትም፤ አቧራና የአይጥ ሽንት ነው የሚሸተው። ካኪ ወረቀት የለበሰ፣ ባለ ሃምሳ ቅጠል፣ ጀርባው ላይ አስራ ሰባት ቁጥር የተለጠፈበት። የዘመኔ ልጆች እንዲህ ያለ ደብተር ታውቁታላችሁ። ውስጡ ያለውን ግን አታውቁትም።

ልጅ እያለሁ ማንበብ አልችልም ነበር። አምስተኛ ክፍል ደርሼ ማለቴ ነው። በታችኛው ክፍል መውደቅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነን ተጣብበን ስንቀመጥ ማን ምን እንደሚያውቅ የሚያይ የለም፤ በቃ እየተንከባለልኩ መጣሁ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ ሲደረደሩ ግን እንደ ተነካ ጉንዳን ይተራመሱብኛል። ያዳነኝ ጆሮዬ ነው። አጠገቤ የሚቀመጠው ስንታየሁ አንድ ገጽ አንዴ ካነበበልኝ፣ መጽሐፉን ገልጬ ጣቴን እያስኬድኩ አንድ ቃል ሳላዛንፍ እለዋለሁ። ልጆቹ ቴፕ ብለው ስም አወጡልኝ። የትናንቱን ክፍለ ጊዜ አጫውት ሲሉኝ መምህሩን ከነሳላቸው እደግማቸዋለሁ፤ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ቴፑ ማንበብ እንደማይችል ማንም አልጠረጠረም፤ ስንታየሁ እንኳ ሰነፍ ስለሆንኩ የማስነብበው ይመስለው ነበር።

ከግቢው ሁሉ የምወደው ቤተ መጻሕፍቱን ነበር። ምክንያቱ ግን እናንተ እንደምታስቡት አይደለም። እዚያ ጮክ ብለህ አንብብ የሚልህ የለም፣ በቃ። ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ሽማግሌ በር ላይ ቁጭ ብለው ያሸልባሉ፤ የቁምሳጥኑ ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ መጻሕፍቱ በሽቦ ወንፊት ውስጥ እንደ ዶሮ ተቆልፎባቸዋል። ግድግዳው ላይ ዝምታ የሚል ቃል በትልቁ ተጽፏል፤ እሱንም ያወቅሁት ስንታየሁ ነግሮኝ ነው። እኔ ጥጌን ይዤ አንድ የተገነጣጠለ የጂኦግራፊ መጽሐፍ እገልጥና ካርታውን ሳይ እውላለሁ። ለሚያየኝ ጎበዝ ተማሪ ነኝ።

ጋሽ ወርቁ ጡረታ ሲወጡ ቲቸር አስካለ መጣች። ዓመታት አማርኛ ስታስተምር ጠመኔው ጉሮሮዋን በላው፤ ድምፅዋ እንደ ተቀደደ ወረቀት ሆነ። ድምፅ የሌላት አስተማሪ ዝምታ የተጻፈበት ክፍል ተሰጣት፤ ሰው ሁሉ የተጣለች ነው የመሰለው። እሷ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ጽሑፉን በኖራ አስቀባችው። የሽቦውን በር አስነቅላ ለዘበኛው ሰጠችው፤ ዶሮ ያርባበት አለች። ጠረጴዛዎቹን ገጥማ አንድ ትልቅ ገበታ አደረገቻቸው። ጥጌ ጠፋ።

ከዚያ የቅዳሜውን ነገር አመጣች። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ ትልቅ ሰው ይዞ ይመጣል፤ ፊደል ቆጠረ አልቆጠረ ግድ የላትም። ሰውዬው የሚያውቀውን ይናገራል፤ ልጁ ይጽፋል። ደብተሩ ካኪ ለብሶ፣ ቁጥር ተለጥፎበት፣ ከእውነተኞቹ መጻሕፍት ጎን መደርደሪያ ላይ ይገባል። ዳይሬክተሩ አንድ ቅዳሜ ብቅ ብለው በነጠላና በጋቢ የተሞላውን ክፍል ሲያዩ፣ ይሄ ቤተ መጻሕፍት ነው ወይስ እድር ብለው ተሳለቁባት። እሷም በዚያች ሻካራ ድምፅዋ፣ "እድር ቢሆን እርስዎም በሰዓቱ ይመጡ ነበር" አለቻቸው። ሰውዬው ሳቃቸውን ይዘው ወጡ።

መጀመሪያ የመጡት የስንታየሁ አባት ናቸው፤ የታክሲ ሹፌር። ፍሪሲዮንና ካንዴላ ምን እንደሚሠሩ ሲያስረዱ በአፋቸው የሞተር ድምፅ እያወጡ ነበር፤ ስንታየሁ ምላሱን አውጥቶ ይጽፋል። ሌላ ጊዜ ጠላ ጠማቂ፣ ሌላ ጊዜ ልብስ ሰፊ፣ ሌላ ጊዜ የሰንጋ ተራን የከብት ገበያ የሚያውቁ ደላላ መጡ። እኔም ወድጄው ነበር፤ ልዋሽ አልችልም። ሁሉንም በጆሮዬ ቀድቼዋለሁ፤ ዛሬም ካላችሁኝ የደላላውን የሰንጋ አመራረጥ ከነስድባቸው እደግምላችኋለሁ። ተራው የኔ እስኪደርስ ድረስ።

እናቴ ቅዳሜ ሥራ አላት ብዬ ዋሸሁ። ቲቸር አስካለ ዝም አላለችም፤ ራሷ ሆቴሉ ጓሮ ድረስ ሄዳ፣ በተሰጣው አንሶላ መሀል አጎንብሳ ገብታ ጠየቀቻት። ያን ቀን እናቴ ቤት ስትገባ ፊቷ ሌላ ነበር። የልጄ አስተማሪ እኔን ብላ እማጥብበት ድረስ መጣች እያለች ለጎረቤት ሁሉ አወራች። ከትምህርት ቤቱ የዘበኛ ቤት አልፋ የማታውቅ ሴት ናት፤ ከወሎ ከመጣች ጀምሮ የተቀመጠችው ሰው ፊት ሳይሆን ገንዳ ፊት ነው። አርብ ዕለት ከጎረቤት ሻርፕ ተበደረች። እኔ ሲያመኝ አደረ፤ እውነተኛ ሕመም። "አብሽር ሰይዶ፣ እኔ እንጂ አንተ ምን ትናገራለህ? አንተ መጻፍ ብቻ ነው" አለችኝ። መጻፍ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። እናቴ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ አጠገቧ፣ አዲሱ ደብተር ፊቴ። በእድፍ ጀመረች። ደም በሙቅ ውሃ አይታጠብም፣ ሙቅ ካገኘው ይነክሳል፣ በቀዝቃዛ ነው አለች። ይሄን ሰምቻለሁ። ቀጥሎ ቲቸር አስካለ ሙያውን ማን አስተማረዎት ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ከአገሯ ጀመረች። አባቴን በስሙ ስትጠራው ሰማሁ። ቤት ውስጥ አንድም ቀን ጠርታው አታውቅም ነበር።

እኔ ግን ሥራ ላይ ነበርኩ። የማውቃቸውን ፊደሎች፣ የስሜን ሦስቱን ጨምሮ፣ እያገላበጥኩ እደረድራለሁ። ስትፈጥን እፈጥናለሁ። ስትተነፍስ አራት ነጥብ አኖራለሁ። በሻርፑ ጫፍ ፊቷን ስትጠርግ አዲስ አንቀጽ እጀምራለሁ፤ ስንታየሁ እንደዚያ ሲያደርግ አይቼዋለሁ። ቲቸር አስካለ በግራ በኩል ያለውን ገጽ ባዶ ተውት፣ ለማረሚያ ይሆናል ብላን ስለነበር እሱንም አልረሳሁም። ገጽ መቼ እንደምገልጥ፣ ማን ወደ ደብተሬ አንገቱን እንደሚያሰግግ እየጠበቅሁ ጆሮዬ ተዘጋ። እጅ እየዋሸ ጆሮ አይሰማም። ቀና ስል ስንታየሁ ያለቅሳል። ከኋላ የነበሩት ሴቶችም። ክፍሉ ውስጥ እናቴን ያልሰማኋት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ቴፑ።

ስትጨርስ እጇን ዘርግታ ደብተሩን ወሰደችና ለቲቸር አስካለ አቀበለቻት። "እንግዲህ ያንብቡልኝ፤ ልጄ የጻፈውን ልስማው" አለች።

ቲቸር አስካለ ደብተሩን ገለጠች። አየችው። አንዴ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ አቀርቅራ ማንበብ ጀመረች። ገጹን በሰዓቱ እየገለጠች፣ ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች፣ እናቴ የተናገረችውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእናቴ ቃል አነበበች። በቃሏ ነው፤ ደብተሩ ላይ የሚነበብ ነገር እንደሌለ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። የኔን ዘዴ ለኔ ተጠቀመችበት። እኔ ደግሞ አሁን ትስታለች፣ አሁን እናቴ ይሄን አላልኩም ትላለች እያልኩ ደሜ ጆሮዬ ውስጥ ሲንደቀደቅ ሁለተኛውንም አልሰማሁትም። ሁለት ጊዜ ተነገረ። ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። እናቴ የቀኝ እጄን ጣቶች አንድ በአንድ ሳመቻቸው፤ የበረኪናው ሽታ አፍንጫዬ ላይ ቀረ።

ስንወጣ ቲቸር አስካለ በር ላይ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ። "ሰኞ ከክፍል በኋላ ና። እኔና አንተ ብቻ ነን፤ ማንም አያውቅም" አለች። አልሄድኩም። ሰኞም፣ ማክሰኞም። ብትቆጣኝ እሄድ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ደግነቷን ግን ፊት ለፊት ማየት አቃተኝ። በኮሪደሩ ስታልፍ ሽንት ቤት እገባለሁ። አንድ ቀን መስኮቷ ላይ ቆማ ግቢውን ስትቃኝ አይቻታለሁ፤ ማንን እንደምትፈልግ አውቄያለሁ። ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርቱን ተውኩትና ወሎ ሰፈር ጎሚስታ ቤት ገባሁ። ጎማ ለመጠገን ፊደል አያስፈልግም፤ ቀዳዳው ውሃ ውስጥ ራሱ ይናገራል።

ጎረምሳ ሆኜ ስለ አባቴ እናቴን መጠየቅ ጀመርኩ። ማን ነበር፣ የት ቀረ፣ ለምን መጣሽ። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር። "አስጽፌህ የለም እንዴ? እሱን ነገር አንዴ ነው ያወጣሁት፤ ሁለተኛ አታስወጣኝ። በእጅህ ጽፈኸዋል፣ ሂድና አንብበው" ትለኛለች። አልጻፍኩትም ማለት አልቻልኩም። እነዚያን የተሳሙ ጣቶች እያየሁ እንዴት ብዬ? ቤት እንግዳ ሲመጣ፣ የኔ ታሪክ እኮ ትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ አለ፣ ሰይዴ ነው የጻፈው ትላለች። እንዲህ እያለች ሞተች። ሆስፒታል ወረቀት አቀረቡልኝና ፈርም አሉኝ፤ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ። በሳምንቱ የቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ፤ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነበር። የመጽሐፍ ፍቅር ይዞኝ አይደለም። አንድ ደብተር ነበረችኝ።

ግን ማንበብ ከቻልኩ በኋላም ለመሄድ ፈራሁ። አንድ ተስፋ ነበረኝና እሱን ማጥፋት አልፈለግሁም፤ ቲቸር አስካለ ያን ሁሉ በቃሏ ካነበበችው፣ ማታ ቤቷ ቁጭ ብላ እውነተኛውን ጽፋበት ሊሆን ይችላል እያልኩ እኖር ነበር። ባለፈው ዓመት ሰፈራችን ፈረሰ። እኔ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ፤ ጎረቤት ሁሉ ተበተነ። ባለፈው ወር ትምህርት ቤቱም ሊነሳ ነው ሲባል ሄድኩ።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ጆሮ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ልጅ እግር አገኘሁ። "ፋዘር፣ ማንን ፈልገው ነው?" አለኝ። ላይብረሪያኑ እሱ ነው። ደብተሮቹን ስጠይቀው ሊጣሉ በማዳበሪያ ታስረው የተቀመጡትን አሳየኝ፤ ምን እንደሆኑ አያውቅም። አብረን እየፈለግን ሳለ ስለ ሥራው አጫወተኝ። ወላጆችን በቴሌግራም ግሩፕ ሰብስቧል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ የሚያውቁትን ያወራሉ፣ ልጆቹ በስልክ ይቀዳሉ። ማለቴ አዲስ አይዲያ ነው ጋሼ፣ ላይብረሪ እኮ የመጽሐፍ መጋዘን ብቻ አይደለም አለኝ። አዲስ እንዳልሆነ፣ ጉሮሮዋ የታመመ አንዲት ሴት ያለ ምንም ስልክ ይሄንኑ እንደሠራች ነገርኩት። አፍሮ ማዳበሪያውን በእግሩ ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረገው፤ እንደማይጣል ገባኝ። መቅዳቱንማ ቅዳ አልኩት፤ ግን መጀመሪያ ጥግ የሚቀመጠውን ልጅ እየው፣ ሰኞ ና ብለኸው ከቀረ አትጠብቀው፣ ሄደህ አምጣው። እሺ አለ፤ ምን እንዳልኩት የገባው አይመስለኝም። ስለ ጎማ እንድነግራቸውም ለቅዳሜ ጋበዘኝ።

አስራ ሰባተኛው ከታች በኩል ወጣ። ሽፋኑ ላይ በቲቸር አስካለ ቀጥ ያለ ጽሑፍ፣ ተናጋሪ ወይዘሮ ዘይነባ፣ ጸሐፊ ልጃቸው ሰይድ ይላል። ገለጥኩት። የኔ ፊደሎች ብቻ። ቀኝ ቀኙ በሙሉ ሰይድ የሚሉትና ወንድሞቻቸው ተደርድረዋል፤ ግራ ግራው ባዶ ነው። አንድም ቃል አልጻፈችበትም። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ተናደድኩባት። አንድ ቀን ይመጣና ራሱ ይጽፈዋል ብላ ነው የተወችው፤ እስከ መቼ ነው የምትጠብቀው? ጡረታ ወጥታ ወደ ዘመዶቿ ሄደች ከማለት ሌላ ስለ እሷ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ስንታየሁን በሰው በሰው አፈላልጌ ስልክ ደወልኩለት። እናቴ ያን ቀን ምን አለች ስለው ሳቀ። "ቴፕ እኮ አንተ ነህ፣ እኔን ትጠይቀኛለህ?" አለኝ። ከዚያ ሳቁ አለቀና ብዙ ካሰበ በኋላ፣ መኪና መንገድ ዳር ሦስት ቀን ጠበቅሁት ያለች ይመስለኛል አለኝ። ማንን እንደሆነ፣ መጣ ወይስ ቀረ አያስታውስም። ማልቀሱን ያስታውሳል፤ ለምን እንዳለቀሰ ግን ጠፍቶበታል።

ባለፈው እሁድ ከሰዓት ደብተሩን ይዤ ተቀመጥኩ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ በዚህ ሰዓት ድሮ ሰፈር ቢሆን የልጅ ጩኸት፣ የእናቴ ባልዲ፣ የጎረቤት ሬዲዮ አንድ ላይ ይሰማ ነበር። መጀመሪያ በልጅነቴ የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ሰለሰይ፣ ድሀድ፣ ይሰለ። ቋንቋ አይደለም። ያኔ ክፍሉን ሞልታ የምትናገር እናት ነበረችኝ፣ እጄ ግን ባዶ ነበር። አሁን እጄ ይጽፋል። ብዕር አነሳሁና በግራ በኩል ባለው ባዶ ገጽ ላይ ያለኝን ጻፍኩ፤ ደም በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። እናቴ መኪና መንገድ ዳር ሦስት ቀን ጠበቀችው።

ሁለት መስመር ነው። እናቴ ያንብቡልኝ ማለቷ ትዝ ብሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ጣቴን በመስመሩ ላይ እያስኬድኩ፣ አንድም ቃል ሳልዋሽ። ከዚያስ የሚለኝ ሰው አልነበረም።