ዳምቦያ ለቅሶ አለብን

ወንድሜ ከመጠጥ ነጻ መውጣቱን በቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ፊት ቆሞ ሲመሰክር እልል ካሉት ሴቶች አንዷ እኔ ነበርኩ። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ወሩ ሳይሞላ ግን ተመልሶ ገባበት። አረቄውን ራቅ ካለ ሰፈር ይጠጣና በጓሮ በኩል ይገባል። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀን ሁሉ መልሳችን አንድ ሆነ፤ "ጨጓራው ነው።" የማይበላው በጨጓራው ነው፣ እጁ የሚንቀጠቀጠው በጨጓራው ነው፣ ከሥራ የቀረውም በጨጓራው ነው። ሆሳዕና ውስጥ እንደ ወንድሜ ጨጓራ የተጸለየለት ጨጓራ ያለ አይመስለኝም።

ደክሞኝ ነበር። አስተምሬ እገባለሁ፣ የቆሸሸ ልብሱን አጥባለሁ፣ ከእናቴ ጋር እጨቃጨቃለሁ። በእረፍት ሰዓቴ መምህራን ክፍል ጥግ ይዤ ስልኬ ላይ የሱስ ሕክምና የሚሰጥበት ቦታ እፈልጋለሁ። የሚመጣልኝ ሁሉ አዲስ አበባ ነው። ስደውል ትሁት ድምፅ ያላት ልጅ ታነሳና "አልጋ ሲገኝ እንደውልልዎታለን" ትለኛለች። የደወለልኝ የለም። በመጨረሻ አንዲት የማውቃት ነርስ "እዚሁ ሆስፒታላችን የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ እኮ፤ ለምን መጀመሪያ እዚያ አትወስጂውም?" አለችኝ። ከቤታችን በባጃጅ ቅርብ ነው። ለእናቴ ስነግራት ክው አለች።

"እዚያ ወረፋ ላይ የማያውቀን ማን አለ? የመሰከረ ልጅ እኮ ነው! እግዚአብሔርን ልናሳፍር ነው?"

"እግዚአብሔር ምን ያሳፍረዋል? የምናፍረው እኛ ነን" አልኳት።

እሷም ተቆጣች፣ እኔም ተቆጣሁ። ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶን ተኝቶ ይሰማል። እየከሳ፣ ዓይኑ እየቀላ ሲሄድ እያየሁ በዚህ ዓይነት ይሞትብናል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ እናቴ "ዱራሜ ከሆነ እሺ፣ እዚያ የሚያውቀን የለም" ስትል አልተከራከርኳትም።

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን ስንወጣ የእድራችን ዳኛ፣ ጎረቤታችን የሆኑት ሽማግሌ፣ በራችን ላይ አገኙን። "በደህና ነው በጠዋቱ?" አሉ። እናቴ ሳታስበው "ዳምቦያ ለቅሶ አለብን" አለች። ሰውየው ደንግጠው ማን እንደሞተ ሲጠይቁ "ዘመድ ነው" ብላ ባጃጁ ውስጥ ገባች። ገበያ ብትል ምን ነበረበት? እንደተናደድኩባት ከመናኸሪያው የዱራሜን ሚኒባስ ያዝን።

መንገድ ላይ አንጋጫ ከተማ ሚኒባሱ ተሳፋሪ ሲያወርድ፣ ወንድሜ ወርዶ መጠጥ ቤት እንዳይገባ ክንዱን ያዝኩት።

"አልጠፋም፣ ልቀቂኝ" አለኝ። "አንቺ ብቻ የደከመሽ ይመስልሻል?"

ለቀቅኩት። ቀሪውን መንገድ በመስኮት እያየሁ ሄድኩ።

ዱራሜ ያገኘነው ሐኪም ገና ወጣት ነው። ወንድሜን ለብቻው ረጅም ሰዓት አናገረው፣ መረመረው፣ ከዚያ እኛን አስገባን። መጠጡን በአንድ ጊዜ ላቁም ቢል ለሕይወቱ አስጊ እንደሆነ፣ ተኝቶ በመድኃኒት መታከም እንዳለበት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ክትትል እንደሚያስፈልገው ነገረን። ቀጥሎ ከየት እንደመጣን ጠየቀ።

"ከሆሳዕና" አልኩ።

"እናቴ፣ ሆሳዕና እኮ ይታከማል" አላት ወደ እናቴ ዞሮ። "አስታማሚም ጠያቂም ያስፈልገዋል። እዚህ ማን አለዎት?"

 ማንም የማያውቀን አገር ፈልገን መጥተን፣ ሐኪሙ ደግሞ፣ የሚያውቀን ሰው ይዘን እንድንመጣ ይፈልጋል። ለሆሳዕናው ሆስፒታል የጻፈልንን ወረቀት ይዘን ተመለስን።

ከሰዓት በኋላ ሰፈር ስንደርስ የግቢያችን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ሴቶቹ ንፍሮ ቀቅለዋል፣ ሙስሊሙ ባለሱቅ ሳይቀር ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። ለቅሶ አለብን ብለን ሄደን ከለቅሶ ስንመለስ ቤታችን ባዶ እንዲጠብቀን ማን ይፈቅዳል? እዚያው ሰፈር ተወልዳ ያደገች ሴት ይህንን እንዴት ትረሳለች?  ወንድሜ ከአጥሩ ውጭ ቀረ።

ሽማግሌው ተነስተው "እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ። ሟቹ ምንሽ ነው?" አሏት።

እናቴ መሬት መሬቱን አየች። ሌላ ውሸት ልትጨምር ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን በሀዲይኛ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ፣ ሁሉንም ተናገረችው። ባለሱቁና አንዷ ጎረቤታችን ሀዲይኛ ስለማይሰሙ እርስ በርስ ተያዩ። እናቴ አየቻቸውና በአማርኛ ደገመችው።

"የሞተ የለም። ልጄን መጠጡ አልለቀቀውም። እንዳይሞትብኝ ሐኪም ፍለጋ ነው የሄድኩት።"

 ጎረቤቶቻችን ተነስተው የሚወጡ መስሎኝ ዓይኔን በሩ ላይ ጣልኩ። ማንም አልተነሳም። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው "ሐኪሙ ምን አለ?" አሉኝ። እንደምንም ነገርኳቸው። "ጠዋት ወደ ሆስፒታላችን አብረን እንወስደዋለን። ማስታመሙንም እንከፋፈለዋለን" አሉና ቁጭ አሉ።

ወንድሜ ቀስ ብሎ በዋናው በር ገባ። ባለሱቁ አግዳሚው ላይ ጠጋ አለለት፣ የሚንቀጠቀጠውን እጁን ይዞ ንፍሮ አስጨበጠው።