ብረቱ ላይ የቆየ መዳፍ

ከግንባራቸው የወረደች የላብ ጠብታ ከጣታቸው አጠገብ ብረቱ ላይ አረፈችና ሒክማ ዓይኗን ሳትነቅል ጠብታዋ ደርቃ ጠፋች። ጋሼ አብዱልሰመድ ግን መዳፋቸውን አላነሱም። ከንፈራቸው ብቻ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል፤ የቁርኣኑን መክፈቻ፣ ፋቲሃን፣ እየቀሩ ነው።

ይህን የማያውቅ ገበሬ በሮቢ ወንዝ ዳር የለም። የመስኖው በር የሚነሳውና የሚወርደው በክሪክ ነው። መኪና የሚያነሳውን ክሪክ ይመስላል፤ ቁመቱ ግን ሰው ያህላል። ሞተሩ የነሐሱን ዳዶ ያዞራል፣ ዳዶው ባለጥርሱን ዘንግ ይስባል፣ ዘንጉ በሩን ይዞ ይወጣል። ብረትና ነሐስ ሲፋተጉ ይግላሉ፤ ሲግሉ ግራሶው ቀጥኖ ይፈሳል፤ ግራሶ ከሌለ ብረቱ ነሐሱን ይበላዋል። ዳዶው ከተበላ በሩ ባለበት ይቀራል፣ ከታች ያለው ሽንኩርትና ማሾም ቆሞ ይደርቃል። ስለዚህ ክሪኩ ጥቂት ሠርቶ ብዙ ማረፍ አለበት። ማረፉ መብቃቱን የሚለካው የጋሼ አብዱልሰመድ መዳፍ ነው። መዳፋቸው አቃጥሎት ብረቱን ሳይለቅ ፋቲሃ ካለቀ ማብሪያውን ይጫናሉ፤ ካላለቀ ይጠብቃሉ። "እጃቸው ሚዛን ነው" ይላል ሰዉ።

እዚህ የመጡት አጣዬ ከተቃጠለች በኋላ ነው። እዚያ ብየዳ ቤት ነበራቸው። ስለ ብየዳ ቤቱ ሲጠየቁ "አልሐምዱሊላህ" ይላሉ፤ ስለ ባለቤታቸው ሲጠየቁም እንደዚያው። ስለ ዝናብ ቢጠየቁም ድምፃቸው አይለወጥም። የውሃ ኮሚቴው በሩን እንዲጠብቁ ሲሰጣቸው ደስ ይበላቸው ይክፋቸው ያወቀ የለም። በማግስቱ ግን ለክሪኩ በማሽላ አገዳ ዳስ ጣሉለት፣ ሞተሩ ላይ የተጋገረውን አቧራ አራገፉ፣ አሮጌውን ግራሶ በጨርቅ ጠርገው አዲስ ቀቡት። ሒክማ በዚያ ስታልፍ ለሰው ጎጆ የሚሠሩ መስሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ ዳሱ ሥር ይበላሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ያድራሉ። ሌላ ቤት የላቸውም፤ ሌላ ሥራም።

ክሪኩን ከቆላው ፀሐይ ይልቅ የሚያግለው የሰዉ ልማድ ነው። እዚህ አገር ተራ የደረሰው ሰው የቀደመው ሰው ውሃ ዓይኑ እያየ እንዲዘጋ፣ ከዚያም በራሱ ስም እንደገና እንዲከፈት ይፈልጋል። ወንድም ከወንድሙ እንኳ ክፍት በር አይረከብም። ስለዚህ ክሪኩ ቀኑን ሙሉ ሲወርድና ሲወጣ ይውላል። ሚያዝያ ደግሞ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ነው የሚመስለው።

ተራው የረድዋን ነበር፤ አለቀ። ቀጣይዋ ሒክማ ናት። ረድዋን ውሃው ሲዘጋ ሊያይ አካፋውን ተደግፎ ቆሟል።

"ጋሼ፣ በፋቲሃ ጀምረው ቁርኣኑን ሊያኸትሙት ነው እንዴ?"

ጋሼ አብዱልሰመድ ጨረሱ። እጃቸው ወደ ማብሪያው ሲሄድ ሒክማ ያችን የላብ ጠብታ አስባ ጣቷን ብረቱ ላይ አሳረፈች። ቢስሚላህን ሳትጨርስ መለሰችው። ጎንበስ ብላ ስታይ ከዳዶው ሥር ግራሶው እንደ ዘይት ቀጥኖ ይወርዳል፤ ያረረ ያረረ ይሸታል።

"ጋሼ፣ አልተሰማዎትም?" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

መዳፋቸውን ገልብጠው፣ የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚያይ ሰው አዩት። ቆዳው ያብለጨልጫል፤ እጅ ላይ የሚኖረው መስመር ሁሉ ጠፍቶበታል።

"ከአጣዬ ወዲህ አይሰማም" አሉ።

አጣዬ በተቃጠለችበት ቀን የጋለውን የብየዳ ቤት በር በእጃቸው ገፍተው እንደከፈቱ ሰምታለች። ከፍተው ማንን እንዳገኙ የነገራት የለም። ሒክማን የገረማት ግን ሌላ ነው፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ክሪኩን ያዳነው መዳፋቸው አልነበረም። ቀስ ብለው መቅራታቸው ነበር። በሚያዝያ ሙቀት ግን ያ ብቻውን አይበቃም።

ረድዋን አልሰማም። ቢሰማ ወሬው ሳይመሽ ኮሚቴው ጋ ይደርሳል፣ ጋሼም ዳሱን ይለቃሉ። ሒክማ ቀና አለች።

"በሩ አይዘጋ። ክፍቱን ተረክቤያለሁ።"

ረድዋን ሳቀ። የእሱን ትራፊ ልትጠጣ እንደሆነ ጠየቃት፤ አባቷ ይህን ቢሰሙ ከዘራ ያነሱባታል አለ።

"ውሃ ትራፊ የለውም" አለችው።

ጥቂት አጉረመረመና አካፋውን ትከሻው ላይ አደረገ። ሒክማ ነገሩ ያለቀ መሰላት።

"ረድዋን፣ ልጄ" አሉ ጋሼ አብዱልሰመድ፣ ተራ በሚጠሩበት በዚያው ድምፅ። "እጄ አይሰማም። ለኮሚቴው ንገርልኝ።"

ረድዋን አካፋውን ከትከሻው መልሶ አወረደ። እሳቸው የማብሪያውን ሳጥን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው ሒክማ መዳፍ ላይ አኖሩት።

"ሰው እስኪያገኙ አንቺ ያዢው። ፋቲሃ ካላለቀልሽ አታስነሺው። ቢያጣድፉሽም አታስነሺው።"

ሒክማ እሷ ብረቱን ልትነካላቸው፣ እሳቸው ደግሞ ሊያስነሱት እንደሚችሉ ነገረቻቸው። እሷ ሁልጊዜ ባትገኝ እንኳ ተራ ጠባቂ ሰው አይጠፋም፣ ማንም ይነካላቸዋል አለች። አዳመጧት። የተቆጡም የተጽናኑም አይመስሉም።

"የበሩ ጠባቂ የገዛ እጁ ሊኖረው ይገባል" አሉ።

ስጋጃቸውን ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ከተቱ። ከዳሱ ጣሪያ የወለቀች አገዳ መልሰው ወሸቁ። ከዚያ ሽርጣቸውን ሰብስበው የቦዩን ዳር ይዘው ሄዱ። የሒክማ ማሳ ጋ ሲደርሱ ውሃው ገና ወደ ሽንኩርቱ መግባቱ ነበር። ቆም አሉ፤ እሷም ሊመለሱ ነው ብላ ጠበቀች። እግራቸውን ከፍ አድርገው፣ የቦዩን ጠርዝ እንዳይንዱት ተጠንቅቀው ተሻገሩ። ሒክማ ቁልፉን እንደጨበጠች ጠራቻቸው። ቀኝ እጃቸው ከጎናቸው እንደተንጠለጠለ፣ ሳይዞሩ ወደ አስፋልቱ ሄዱ።