የጃንዋሪ አንድ ልጆች

ነገሩ የደረሰው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ጠዋት ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው አንዲት አዛውንት በጠየቁኝ ጥያቄ ምክንያት ነው።

ጃንዋሪ አንድ በወረቀት የእኔም ልደት ነው። በስደት ስንመጣ የተወለድንበትን ቀን በማስረጃ ማሳየት ያልቻልነውን ሁሉ የስደተኞች መዝጋቢው ጸሐፊ በዚያ ቀን ወለደን። ከጥርስ ሐኪሙና ከስልክ ድርጅቱ በቀር «እንኳን ተወለድክ» የሚለኝ የለም።

የምሠራው አዛውንቶችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ በሚንከባከብ ድርጅት፣ የደንበኞች መዝገብ በሚያዝበት ዳታቤዝ ክፍል ነው። ሚስትም ልጅም ስለሌለኝ የበዓል ተረኝነት ዞሮ ዞሮ እኔው ላይ ያርፋል። የዚያን ዕለትም አምስተርዳም፣ ኒው ዌስት ሰፈር ባለው ቤቴ ብቻዬን ተቀምጬ ስልክ እጠብቃለሁ።

አንዲት ተንከባካቢ ከሮተርዳም፣ ከዴልፍስሃቨን ሰፈር ደወለች። የወትሮዋን ሠራተኛ ተክታ የመጣች ናት። የአንዲት አዛውንት በር ላይ ቆማለች፤ ከውስጥ የሚያቃስት ድምፅ ይሰማል፣ በሩን ግን የሚከፍት የለም። በሩ አጠገብ ያለውን የቁልፍ ሳጥን ኮድ ለማግኘት ስልኳ ላይ ባለው መዝገባችን የሴትዮዋን የልደት ቀን ብታስገባ ሲስተሙ ይሽከረከራል እንጂ አይመልስም። ቀኑ ስንት ነው አልኳት። ጃንዋሪ አንድ አለችኝ።

ወዲያው ገባኝ። ዳታቤዝ ውስጥ ፕላነር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ሥራው ፍለጋው በየት በኩል ይሂድ ብሎ መወሰን ነው። የተጠየቀው ቀን ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዝ ከመሰለው እንደ መጽሐፍ ማውጫ ባለው ኢንዴክስ በአቋራጭ ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚይዝ ከሆነ ግን አቋራጩ አያዋጣም ብሎ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች ያነበዋል። እኛ ደግሞ በዚያ ቀን ብዙ ነን። የሰፈሩን ፖስታ ኮድ ጨምሪበት አልኳት። ያኔ የሚቀረው ጥቂት ሰው ሆነ፣ ፕላነሩም በኢንዴክሱ ሄደ፤ የቁልፉ ኮድ ወጣ።

ሴትዮዋ መታጠቢያ ቤት ወድቀው ነበር። ስማቸው በላይነሽ መሆኑን ስሰማ ቋንቋቸውን እችላለሁ አልኳት፤ ስልኩን አጠገባቸው አስቀመጠችልኝ። አምቡላንስ እስኪመጣ እንዳይተኙ አጫውታቸው ጀመር። ተንከባካቢዋ አእምሯቸው ደህና መሆኑን ለማወቅ የልደት ቀናቸውን ጠይቅልኝ አለችኝ።

«ኅዳር ሚካኤል» አሉ። «እናቴን ከንግሥ ስትመለስ ነው ምጥ የያዛት።»

ስተረጉምላት ደነገጠች። ስክሪኑ ላይ ያለው ሌላ ነዋ፤ ጭንቅላታቸው የተመታ መሰላት። ትክክለኛው የእሳቸው ነው፣ የተሳሳተው የእኛ መዝገብ ነው ብዬ አስረዳኋት።

«አንተስ ልጄ፣ መቼ ተወለድክ?» አሉኝ በመሃል።

«ጃንዋሪ አንድ።»

«እሱማ የሁላችንም ነው» አሉ። «የራስህን ነው የጠየቅኩህ።»

እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ግንቦት ልደታ ዕለት ነው ትለኝ ነበር እናቴ። ይህንኑ ልነግራቸው ስል የአምቡላንስ ሰዎች ገቡና ስልኩ ተዘጋ።

መዳናቸውን ከተንከባካቢዋ ሰምቻለሁ። ፍለጋውንም አስተካክዬዋለሁ፤ አሁን የጃንዋሪ አንድ ልጆችንም ቶሎ ያገኛል። የእትዬ በላይነሽን አድራሻ ማውጣት ለእኔ ቀላል ነው፤ ግን የሰው መዝገብ ለግል ጉዳይ መክፈት ክልክል ስለሆነ አልከፈትኩትም። ኅዳር ሚካኤል ሲደርስ ብቻዬን «እንኳን ተወለዱ» እላለሁ። ግንቦት ልደታ ሲሆን ደግሞ ስልኬን አየት አየት አደርጋለሁ። እንደማይደውሉ አውቃለሁ፤ ቀኔን ሳልነግራቸው ነው የተለያየነው።