አተት በይው

ሊወስዱኝ ሲመጡ እጄ በረኪና ይሸት ነበር። ከሕክምናው ድንኳን ወጥቼ ጓንቴን ሳወልቅ ሁለት ፖሊሶች በስሜ ጠሩኝ። «ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ» አሉኝ። እጄን ልታጠብ አልኳቸው። ፈቀዱልኝ፤ አንደኛው እንዲያውም ከጆጉ ውሃ አፈሰሰልኝ።

ነርስ ነኝ። ያን ጊዜ ሥራዬ ቆቦ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የወረርሽኝ ምልክት ሲታይ ሄዶ ማጣራት፣ አጣርቶም ለበላይ ማሳወቅ ነበር። በዚያ ክረምት ከቆላው የሚመጡ በሽተኞች በዙ። ዐይናቸው ጎድጉዷል፤ የጣቶቻቸው ቆዳ ልብስ ስታጥብ እንደዋለች ሴት እጅ ተጨማዷል፤ የሚወጣቸው የሩዝ ውሃ ይመስላል። ናሙና አስመረመርን። ኮሌራ ሆኖ ተገኘ።

ውጤቱ በደረሰ ማግስት ስብሰባ ተጠራን። ከበላይ የመጣው ሰው ትሑት ነበር፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። የአገሪቱ መሪ በዚያ ሰሞን ባሕር ማዶ፣ በዓለም መሪዎች ፊት ቆመው ስለ ጤና እንደሚናገሩ ነገረን። «እሳቸው እዚያ ቆመው ሳሉ ከዚህ ይህ ቃል መሰማት የለበትም። አተት በሉት» አለ።

አተት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት ነው። ሐሰት አይደለም፤ ኮሌራም ያስቀምጣል፣ ያስታውካልም። ግን ስሙ ሲቀየር የሚላከው መድኃኒት ያንሳል፣ ድንኳኑ ይዘገያል፣ ሰውም እንደ ተራ የሆድ ሕመም ቆጥሮት ቤቱ ይተኛል። ቤቱ የተኛ ሰው ደግሞ ቀኑ ሳይመሽ ሊሞት ይችላል። ይህን ተናገርኩ። ትሑቱ ሰው አመሰገነኝና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።

እኔ በገበያ ቀን ከቀበሌ ድምፅ ማጉያ ተውሼ እህል ተራው አጠገብ ቆምኩ። «ኮሌራ ገብቷል። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ። ያስቀመጠው ሰው ካለ ዛሬውኑ አምጡት» አልኩ። ሌላ ምንም አላልኩም። አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾኝ ኖሯል። ቤቴ ሳልደርስ ቪዲዮው አገር ዞረ። ጥፋቴን ሲነግሩኝ የአገርን ገጽታ ማበላሸት ነው አሉኝ።

ያሰሩኝ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ፣ ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን በነበረ ግቢ ነው። ማዳበሪያው ከተነሳ ዓመታት ቢያልፉም ሽታው ከወለሉ አልለቀቀም፤ አፍንጫ ይቆነጥጣል፣ ዐይን ያስለቅሳል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የቆላው ፀሐይ ረፋድ ላይ ሲያገኘው ይንጣጣል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ሙቀቱ ከላይ ወርዶ ትከሻ ላይ ይቀመጣል። ጥግ ላይ ክዳን የሌለው በርሜል አለ። የምንጠጣውም የምንታጠብበትም ውሃ እሱ ነው። ይፈላልን ብዬ ለመንኳቸው። «እኛም የምንጠጣው እሱን ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

ክፍሉ ውስጥ አንዲት እናት ቀድመውኝ ነበሩ። ጎብዬ ገበያ ውስጥ በርበሬና ጨው የሚሸጡ፣ ዕድሜያቸው ስድሳውን ያለፈ ሴት ናቸው። ልጃቸው ጫካ ገብቷል ተብሎ እሱን ሲያጡት እሳቸውን ያዟቸው። ገና ስገባ ሰላምታዬን ሰምተው ቀና አሉ።

«ድምፅሽን አውቀዋለሁ። የገበያዋ ልጅ አይደለሽም? የልጄ ሚስት በስልኳ አሳይታኛለች።»

«ነኝ፣ እናቴ።»

«አብሽሪ። ነይ፣ እዚህ ጋ ይሻላል፤ በበሩ ሥር ትንሽ ነፋስ ይገባል» ብለው ከምንጣፋቸው ግማሹን ለቀቁልኝ።

ከዚያ በኋላ አብረን ስንበላ፣ አብረን ስንተኛ ሰነበትን። እሳቸው ሲሰግዱ እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ እቀመጣለሁ። እኔ ስጸልይ እሳቸው ዝም ይላሉ።

የማወራው ስለ አንድ ቀን ነው። በዚያ ቀን ጠዋት ጠባቂዎቹ ክፍላቸው ውስጥ ያለውን ቴሌቪዥን ድምፁን ከፍ አደረጉት። የመሪው ንግግር ነበር። አስተርጓሚው ከሥር ከሥር ይከተላቸዋል። አገራችን በሳይንስ እንደምትመራ፣ ወረርሽኝን አስቀድሞ በማወቅ ለሌሎች ምሳሌ እንደሆነች ሲናገሩ ሰማን። አዳራሹ አጨበጨበ።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አሉኝ እኒያ እናት።

«ስለ ሳይንስ ነው።»

«ሳይንስ ምንድን ነው?»

ምን እንደምላቸው አሰብኩ። ደክሞኝ ነበር። «አንድ ነገር ሲታይ በደንብ መርምሮ፣ ያገኙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መናገር ነው» አልኳቸው።

«እሱንማ አድርገሽ መሰለኝ እዚህ ያመጡሽ» አሉ። ሳቅን። ከታሰርኩ ወዲህ መሳቄ ያኔ ነው።

ረፋዱ ላይ እኒያ እናት ጋደም አሉ። ከዚያ ለመጸዳጃ የተሰጠንን ባልዲ ስጪኝ አሉኝ። ሁለተኛ ጊዜ ሲጠይቁኝ ወደ ባልዲው አየሁ። ማየት አልነበረብኝም፤ ሽታውም ይበቃኝ ነበር። እጃቸውን ያዝኩና የእጃቸውን ጀርባ ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ለቀቅኩት። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ፤ ውሃው ከሰውነታቸው አልቋል።

በሩን ደበደብኩ። ጠባቂያችን ወጣት ፖሊስ ናት፤ የቆቦ ልጅ። እንደ ሁሉም ሰው «ሲስተር» ነው የምትለኝ።

«ኮማንደሩን ጥሪልኝ። ስኳርና ጨውም አምጪልኝ፤ የፈላ ውሃም። ቶሎ።»

ግቢውን የሚያዝዘው ኮማንደር መጣ። ክፉ ሰው ነበር ብል እዋሻለሁ። አንድም ቀን አልመታኝም፣ አልሰደበኝም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነበረው። በሩ ላይ ቆሞ እኒያን እናት አያቸው።

«ምን ሆነው ነው?»

«ኮሌራ ነው። በቶሎ ጉሉኮስ ካልተደረገላቸው ይሞታሉ።»

«ሲስተር፣ ይኸን ቃል ተይው።» ግንባሩን ጠረገ። «አተት በይው፤ መኪና ልጥራ።»

«ምን ለውጥ አለው?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ለውጥ አለው ብለሽ የታሰርሽው?»

ስልኩን አወጣና ወደ እኔ ጠጋ አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ የሚለምነኝ ይመስል ነበር። «እዚህ ላይ ተናገሪ። ‹ተሳስቼ ነው፤ ኮሌራ የለም፤ አተት ነው› በይ። አሁኑኑ እልከዋለሁ። መኪናው ወዲያው ይመጣል። አንቺም ሳትወጪ አትቀሪም። ዛሬ ዓለም እያየን ነው፤ ገባሽ? ዛሬ ከኔ ግቢ ኮሌራ ወጣ ብዬ የምደውልለት አለቃ የለኝም።»

ልለው ነበር። ሰው እግሬ ሥር እየሞተ፣ ቃል ምንድን ነው? አፌን ከፍቼ ነበር። እኒያ እናት የቀሚሴን ጫፍ ያዙኝ።

«ምን በይ ነው የሚልሽ?»

ነገርኳቸው። ከንፈራቸው ደርቆ ቃሉ አልወጣ ብሏቸው ነበር።

«የልጅ ልጆቼ ጎብዬ ናቸው» አሉ። «እናታቸው ባንቺ ቃል ነው ውሃ የምታፈላላቸው። እንጨት ተወደደ እያለች እያጉረመረመች ነው የምታፈላው። ውሸቴን ነው ብትያት ትተወዋለች። ወላሂ ትተወዋለች።»

ትንፋሻቸው አጠራቸው። ጨርሰዋል ብዬ ሳስብ ደግሞ፣ «እኔን አላህ ያውቅልኛል። አትበይ» አሉ።

ወደ ኮማንደሩ ዞርኩ። «አልልም» አልኩት። ድምፄ እንደ ደፋር ሰው ድምፅ አልነበረም። «መኪና ይጥሩ አይጥሩ የእርስዎ ነው። እኔን ግን ስኳርና ጨው አይከልክሉኝ።»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። አልተቆጣም። በሩን ገፋ አድርጎ ወጣ።

ወጣቷ ፖሊስ የራሷን ፔርሙስ ይዛ መጣች። ለሻይ ያፈላችው ውሃ ነው። ስኳሩን በላስቲክ፣ ጨውን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። በጥብጬ በማንኪያ ማጠጣት ጀመርኩ። አንድ ማንኪያ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ አንድ ማንኪያ። ግማሹን ይተፉታል። እንደገና እጀምራለሁ። የቆርቆሮው ሙቀት ላባችንን ያወርደዋል፤ እሳቸው ግን አያልባቸውም፤ እጃቸውም ቀዝቅዟል። ልጅቷ በሩን ክፍት አድርጋ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ደንብ አይፈቅድላትም ነበር።

«ይተርፋሉ፣ ሲስተር?»

«በዚህ ብቻ አይተርፉም» አልኳት።

ፀሐይ ማዘንበል ስትጀምር ኮማንደሩ ተመለሰ። ልጅቷ ተነስታ ሰላምታ ሰጠች። እሱ አላያትም። ግድግዳውን ተደገፈ።

«ውሃ ምን ያህል ነው የሚፈላው?» አለኝ።

«ለማን ነው?»

«ለቤት። ልጆች አሉኝ።»

ልቆጣ የምችልበት ጊዜ ቢኖር ያ ነበር። አቅም አጣሁ። ምናልባትም በገበያው ቀን የፈለግሁት ይኸው ስለነበረ ይሆናል፤ አንድ ሰው መጥቶ እንዲጠይቀኝ። ማንኪያውን ሳላስቀምጥ ሁሉንም ነገርኩት። ሲንተከተክ ቆየት አድርጉት፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፣ ሳትታጠቡ እጃችሁን አትክተቱበት። ከበርሜሉ የወሰዳችሁት ካለ ድፉት። ከልጆቹ አንዱን ካስቀመጠው እስኪነጋ አትጠብቁ። እንደ ተማሪ አንገቱን እየነቀነቀ አዳመጠኝ። አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

ሊወጣ ሲል ቆም አለ።

«መኪና ጠርቻለሁ። እየመጣ ነው።»

«ምን ብለው ጠሩ?»

ወደ ግቢው ዞሮ ነበር፤ ፊቱን አላየሁትም።

«ያልሽውን ብዬ» አለኝ።

መኪናው ሲገባ ወንዶች ቃሬዛ ይዘው ወደ ክፍሉ መጡ። እኒያ እናት ልብሳቸው ተበላሽቷል፤ ሻሻቸው ወልቋል፤ ፀጉራቸው ለማንም ታይቶ የማያውቅ ሽበት ነው። የወንዶቹን ኮቴ ሲሰሙ በእጃቸው ራሳቸውን ሊሸፍኑ ሞከሩ። እጃቸው አልታዘዝ አላቸው።

ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ትንሽ ጠብቁ» አልኩ።

«መኪናው ቆሟል እኮ፣ እንቸኩል» አለ አንዱ።

«ይቁም። እናት ናቸው፤ እንዲህ ሆነው አይወጡም።»

ኮማንደሩ ጀርባውን ወደ ክፍሉ አዞረና ቆመ። ሌሎቹም እያዩት ዞሩ። ወጣቷ ፖሊስ ገብታ ከእኔ ጋር ያዘችልኝ። በተረፈው የፈላ ውሃ አጠብናቸው። ከቤት የመጣልኝን ንጹሕ ቀሚስ አለበስኳቸው፤ ሰፋቸው። ሻሻቸውን አስተካክዬ አሰርኩ፤ አንዲት ፀጉር እንዳትታይ አድርጌ። ዐይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩኝና ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። አልሰማኋቸውም።

«አሁን ግቡ» አልኩ።

እኒያ እናት ተረፉ። ወደ እስሩም አልመለሷቸውም። እንደተሻላቸው ከጎብዬ በሚኒባስ እየተሳፈሩ የግቢው በር ድረስ ይመጡልኝ ጀመር። ጾመ ፍልሰታ ገብቶ ነበር፤ እሳቸው ሙስሊም ሆነው የጾሜን ቀን ያውቁልኛል። የማሽላ እንጀራ በምስር፣ አንዳንድ ቀን ሹሮ። ጠባቂው ምኗ ነሽ ብሎ ሲጠይቃቸው «እናቷ ነኝ» እንዳሉት ወጣቷ ፖሊስ ነገረችኝ። ኮማንደሩን ከዚያ ሳምንት በኋላ አላየሁትም። ተዛወረ የሚሉ አሉ፤ ከሥራ ወጣ የሚሉም አሉ። አላጣራሁም። እኔን ለምን እንደፈቱኝም የነገረኝ የለም፤ አንድ ቀን ጠዋት ዕቃሽን ያዢ አሉኝ።

አሁን ቆቦ ውስጥ አንዲት ትንሽ መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ወደ ድሮው ሥራዬ አልመለሱኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። መሪዎች አሁንም ባሕር ማዶ ሄደው በትልልቅ አዳራሾች ስለ ሳይንስ ይናገራሉ። ንግግሩ ጥሩ ነው፤ ስላቅ አይደለም፣ እውነትም ጥሩ ነው። ድሮ ስሰማው እናደድ ነበር። አሁን ይደክመኛል፤ ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት ከዋጃ በኩል መጥታ የተቅማጥ ክኒን ጠየቀችኝ። ለማን እንደሆነ ጠየቅኋት። ለባሏ ነው። ምን እንደሚመስል ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። መደርደሪያው ላይ የነበረ እጄን መለስኩ።

«ይሄ በክኒን አይሆንም። ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ አሁኑኑ።»

«ምን ሆኖ ነው?»

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ከውስጥ ክፍል ሆኖ ይሰማኛል። ወረፋ የያዙ ሰዎችም ነበሩ።

«ኮሌራ ሊሆን ይችላል» አልኳት።

አልጮኸችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና ወጣች። ደጃፉ ላይ ወጥቼ ባጃጅ እስኪቆምላት ቆየሁ። ስመለስ ተራው የአንድ ሽማግሌ ነበር።

«እርስዎስ አባቴ፣ ምን ልስጥዎት?» አልኳቸው።