ከቬሮና ኮረብታ የመጣው ጠርሙስ

በቀደም የረመዳን አስቤዛ ልገዛ እዚህ ሚኒሶታ ሌክ ስትሪት ወርጄ ነበር። ባለሱቁ የዘቢብ ካርቶን ከፍቶ እፍኝ ዘገነና «እስቲ ይቅመሱት፣ ጋሼ» አለኝ። እኔ ከመቅመሴ በፊት ማሽተት ልማዴ ነው። ካርቶኑ እርጥበት ገብቶበት ኖሯል፤ የሻጋታ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ዘቢቡን እንደያዝኩ ቀረሁ። «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» አለኝ ባለሱቁ።

ደህና ነበርኩ። ሐሳቤ ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ወደኋላ ሄዶ፣ ሴንት ፖል ውስጥ አንድ የጣሊያን ምግብ ቤት ገብቶ ነበር።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ሪችፊልድ ከሦስት የአገሬ ልጆች ጋር አንድ አፓርታማ ተከራይቼ፣ እዚያ ምግብ ቤት ሳህን አጥባለሁ። ያስገባኝ ወጥ ቤቱን የሚመራው ጋሽ ጌታሁን ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው፣ ሲቀልድ የማይስቅ። አንድ ዌይተር ሥራ ለቀቀና ጋሽ ጌታሁን የኔን ስም ጠራ። ችግሩ፣ የዚያ ቤት ዌይተር ወይኑን ሁሉ ቀምሶ ማወቅ ነበረበት። እኔ ደግሞ የወሎ እስላም ልጅ ነኝ፤ መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም።

«ሰይዶ፣ አንተ እኮ ጠላ ቤት ስታይ መንገድ የምትቀይር ልጅ ነህ። ባለቤቱን ምን ልትላቸው ነው?» አለኝ።

«እውነቱን እነግራቸዋለሁ።»

«እውነት ዌይተር አያደርግም!» ብሎ ሽንኩርቱን መክተፍ ቀጠለ።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ሬንዞ የሚባሉ፣ ቅንድባቸው ዓይናቸውን ሊሸፍን የደረሰ ሽማግሌ ነበሩ። እንደማልጠጣ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «አፍንጫህስ ይጾማል?» አሉኝ። አይጾምም አልኳቸው። ጠቆር ያለ ቀይ ወይን በብርጭቆ ቀድተው ሰጡኝ። አሸተትኩና «ዘቢብ» አልኩ። ሳላስብ ነው ያመለጠኝ። አባቴ ደሴ ውስጥ ቅመማ ቅመምና ዘቢብ ይሸጥ ነበር፤ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው ያደግሁት። የትኛው ጆንያ እርጥበት እንዳገኘው ሳይከፈት እነግረው ነበር።

ሬንዞ ጠረጴዛውን በጥፊ መቱት። «በትክክል! ዘቢብ ነው!» አሉ። ወይኑ አማሮኔ ይባላል፤ አባታቸው ከተወለዱበት ከቫልፖሊቼላ፣ ከቬሮና ከተማ በላይ ካለው ኮረብታ የሚመጣ ነው። ከአንድ ዓይነት የወይን ፍሬ አይሠራም፤ ኮርቪና የሚሉት ይበዛበታል፣ ሮንዲኔላና ሌሎችም ይቀላቀሉበታል። በመስከረም ይለቀምና ወዲያው አይጨመቅም፤ ነፋስ በሚገባበት ቆጥ ላይ ሦስት አራት ወር ተሰጥቶ ይደርቃል። ክረምታቸው ሲገባ ተጨማዶ፣ ጣፋጭነቱ ጠንክሮ፣ ያኔ ይጨመቃል። ከዚያ ደግሞ በርሜል ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል። አቤት ትዕግሥት! እኔ የማልጠጣው ሰው እንኳ ያን ቆጥ ባየሁት ብዬ ተመኘሁ።

«አንድ ነገር ስማኝ» አሉኝ ሬንዞ። «ቡሹ የተበላሸ ጠርሙስ አለ። እርጥብ ካርቶን ይሸታል። ያን ያሸተትክ ቀን ለሰው አትቅዳ። በል፣ ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ቤት አፍንጫ አንተ ነህ።»

እንዲህ ሆኜ ዌይተር ሆንኩ። ማቅረቡም ቢሆን ይከብደኝ ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ግን ሰው ሲያምንህ ደስ ይላል፤ እኔም ጠርሙስ በከፈትኩ ቁጥር እንደ ትልቅ ሰው እጀነን ነበር።

በየካቲት አንድ እሑድ፣ ገና ጀምበር ሳትጠልቅ፣ አንድ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር ገቡ። ገበሬ ናቸው፤ ሰፋፊ እጆቻቸው ከሱፍ ልብሱ ጋር አልተስማሙም። ሴትየዋ ሻሽ አስረዋል፤ በሽታው ጎድቷቸው ከስተዋል፤ ፈገግታቸው ግን የጤነኛ ነው። ሰውየው ዝርዝሩን ሳያዩ አማሮኔ አዘዙ።

«የዓለም ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል ወታደር ሆኜ ከቬሮና በላይ አንድ ገበሬ ቤት አደርን» አሉኝ። «ወይኑን ከሚያደርቁበት ቆጥ ሥር፣ ከበርሜል ቀድቶ ሰጠን። ይኸው ሃምሳ ዓመት አወራላታለሁ። ዛሬ ትቅመሰው ብዬ ነው።»

«ካልቀመስኩት አላምንህም ብዬዋለሁ» አሉ ሴትየዋ።

ጠርሙሱን ከፈትኩ። ቡሹን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ፣ በቃ፣ እርጥብ ካርቶን። ጠርሙሱን መመለስ ነበረብኝ። ሰውየው ግን ብርጭቋቸውን ወደኔ ገፋ አድርገው እንደ ሕፃን ይጠብቃሉ። ራሳቸው ይቅመሱና ተበላሽቷል ይበሉኝ ብዬ ለቅምሻ ያህል ጠብ አደረግሁላቸው። እጄ ይንቀጠቀጣል። አሸተቱ፤ ቀመሱ፤ ቀና ብለው አዩኝ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «በጣም ጥሩ ነው። ለእሷም ቅዳላት።»

ይሉኝታ እንደ ጉድ ያዘኝ። ሽማግሌ ያመሰገኑትን፣ ያውም ሚስታቸው ፊት፣ እኔ ትናንት የመጣሁ ልጅ ተበላሽቷል ልበል? እንዲህ አላሳደጉኝም። ቀዳሁ። ሴትየዋ ቀመሱ፤ የባላቸውን እጅ ይዘው «ልክ እንደነገርከኝ ነው» አሉ። ሁለቱም ብርጭቋቸውን ጨርሰው፣ አመስግነውኝ ሄዱ።

ሬንዞ የተረፈውን አሸተቱት።

«አሽትተኸው ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ?»

«ጥሩ ነው አሉ። ሚስታቸው ፊት እንዴት ላሳፍራቸው?»

ሬንዞ ኮት እንኳ ሳይደርቡ እንግዶቹን ሊመልሱ ወደ ፓርኪንጉ ሮጡ። መኪናው የለም። ቅንድባቸው ላይ በረዶ አርፎበት ተመለሱ። «ሴትየዋ የአባቴን ኮረብታ ልታይ መጣች፤ አንተ የሻገተ ምድር ቤት አሳይተህ ሰደድካት» አሉኝ። አላባረሩኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ጠርሙሱን ሁሉ ራሳቸው ያሸቱ ጀመር። ጋሽ ጌታሁን እንኳ ሳምንት ሙሉ አልቀለደብኝም፤ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ቅጠል ሲረግፍ ሰውየው ተመልሰው መጡ፤ ብቻቸውን። መጠየቅ አላስፈለገኝም። «በሰኔ» አሉኝ። ነፍስ ይማር ማለት በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሆነ ጠፍቶኝ ቆምኩ። ያንኑ ወይን አዘዙ። ሬንዞ ራሳቸው ጠርሙሱን አምጥተው እጄ ላይ አኖሩትና «አሽትተው» አሉኝ። ዘቢብ፤ ንጹሕ፣ ደረቅ ዘቢብ። ቀዳሁላቸው። ሰውየው አንዴ ጎንጨት አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ይሄ ነው» አሉ።

አላስቻለኝም። «ያን ቀን የቀዳሁልዎት ተበላሽቶ ነበር። እያወቅሁ ነው የቀዳሁት። ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«አውቄ ነበር እኮ» አሉኝ። «እጅህ ሲንቀጠቀጥ አየሁና፣ አዲስ ልጅ ነው፣ በኔ የተነሣ ከሥራው እንዳይባረር ብዬ ነው።»

«ባለቤትዎስ?»

«እሷም አንድም ቀን አልነገረችኝም። ግን ሃምሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ ፊቷን ማንበብ አያቅተኝም።»

በይሉኝታ የሚሞት ሐበሻ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የሚኒሶታ ገበሬ ለካ ይብሳል! ሦስታችንም አውቀን፣ ሦስታችንም አንዳችን ለሌላው አዝነን፣ ያን የሻገተ ነገር በምስጋና ሸኘነው።

ከዚያ ወዲህ ተናጋሪ ሆኛለሁ። ወጥ ጨው ከበዛበት እናገራለሁ፤ ባለቤቴ «አሜሪካ አባለገህ» ትለኛለች። ትናንት ይህን ታሪክ እዚሁ ለተወለደችው ልጄ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና በእንግሊዝኛዋ «ታዲያ አንዳችሁ እንኳ ለምን አልተናገራችሁም?» አለችኝ።

ይሉኝታን በእንግሊዝኛ ላስረዳት ሞከርኩ። መልካም ጠባይ ነው፣ ሰውን ማክበር ነው አልኳት። እያወራሁ ግን የምግብ ቤቱ ጓዳ ትዝ አለኝ። ያን እሑድ ከጓዳው መደርደሪያ ላይ ያው ወይን አራት ጠርሙስ ነበረ። ሄጄ ለማምጣት ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ሴትየዋ ሳይቀምሱት ሞቱ።