በቅንድብ እርሳስ የተጻፈ ፓይተን

ዓረብ አገር፣ ሳልዋ በሚባል ሰፈር ወደምሠራበት ቤት ሁለት ፖሊሶች ሲመጡ ዕቃ እያጠብኩ ነበር። ስልኬን ማዳም ራሷ አምጥታ ሰጠቻቸው። «የገዛሁላት እኔ ነኝ» አለቻቸው።

ጥፋቴ አንድ የድምፅ መልእክት ነበር። ኮሮና ገብቶ በረራ ሲቆም፣ ከየቤቱ የተባረሩ እህቶቻችን መንገድ ላይ ማደር ጀመሩ። «ተሰብስበን ወደ አገራችን መልሱን እንበል» ብዬ በግሩፕ ላክሁ። ይህን ሰልፍ መቀስቀስ አሉት።

ያስገቡኝ ጀህራ የሚባል ከተማ አካባቢ ያለ የእስር ክፍል ነው። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ነው፤ በረኪና ይሸታል። ተራርቃችሁ ተኙ ይሉናል፤ ፍራሹ ስለማይበቃን ግን ትከሻ ለትከሻ ነበር የምንተኛው። ከጎኔ የደረሰችኝ ፊንጣስ በሚባል ሰፈር ፀጉር ቤት ትሠራ የነበረች ልጅ ናት። መልእክቴን ሰምተው ሰልፍ ወጥተው ከተያዙት አንዷ ነበረች። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም።

አገር ቤት ኮሌጅ ገብቼ ኮምፒውተር ስማር አቋርጬ ነው የተሰደድኩት። ሰዓት እላፊ በታወጀበት ጊዜ ደግሞ፣ ማዳም ከሰዓት ስትተኛ፣ ከስልኬ ላይ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ጀምሬ ነበር። ይህን ለልጅቷ ስነግራት ከተኛችበት ተነሥታ ተቀመጠች።

«እኔም መማር እፈልጋለሁ። ደንበኞች ቀጠሮ የሚይዙበት ገጽ መሥራት ነው ሐሳቤ።»

«ለገጽ ከሆነ ጃቫስክሪፕት የሚባለው ቋንቋ ይሻልሻል» አልኳት። «ነፃ ቪዲዮ ሞልቷል። መጽሐፉም በፒዲኤፍ ይገኛል።»

«በምን እናየዋለን፣ እህቴ?»

ግድግዳውን አየሁ።

በመጨረሻ ፓይተንን መረጥን። ቅንፉና ምልክቱ ስለማይበዛ በቃል ለመያዝ ይቀላል። መጻፊያችን ደግሞ ልብሷ ውስጥ ደብቃ ያስገባቻት ቁራጭ የቅንድብ እርሳስ ብቻ ነበረች። ወረቀት ስላልነበረን በማስካችን ሰማያዊ ገጽ ላይ ጻፍን። «ኢፍ» ማለት «ከሆነ» ነው፣ «ኤልስ» ማለት «ካልሆነ» ነው እያልኩ አስረዳኋት። የሚቀጥለው መስመር ለምን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ እንደሚጻፍ ስነግራት «በር አልፎ እንደ መግባት ነው» አለች።

አንድ ጠዋት ሲቆጥሩን አንዷ ጠባቂ የልጅቷ ማስክ ላይ ያለውን ጽሑፍ አየች። ሁለታችንንም መርማሪው ዘንድ ወሰዱን። ጓንት ባጠለቀ እጁ ማስኩን በጫፉ ይዞ፣

«ይህ መልእክት ለማን ነው?» አለ።

«ትምህርት ነው» አልኩት። «የኮምፒውተር ቋንቋ።»

«አንቺ ዝም በይ። እሷ ትናገር።»

ማስረዳት ካቃታት የምስጢር መልእክት ተብሎ ሌላ ክስ እንደሚጨመርብን ሁለታችንም ገብቶናል። ከፀጉር ቤት በለቀመችው አረብኛ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ደንበኛ ከመጣች ፀጉሯን አጥባለሁ። ካልመጣች እቀመጣለሁ። ኮምፒውተርን እንዲህ ነው የሚያዙት።»

መርማሪው ማስኩን ገልበጥ አድርጎ አየ። ከዚያ ሳቀ። ከጎረቤት ቢሮ ባልደረባውን ጠርቶ «ሠራተኞቻችን ፕሮግራመር ሊሆኑ ነው» አለው፤ አብረው ሳቁ። ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ። ያዳነን እውነት መናገራችን አልነበረም። ንቀቱ ነው ያዳነን። እኛን የመሰለ ሰው ምስጢር ይኖረዋል ብሎ ማሰብ አልቻለም።

ማስኩን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጥሎ አዲስ ሰጣት። ተቀብላ አጠለቀችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ አሮጌውን ከመጣያው አወጣች፣ አራግፋ አጠፈችው።

«ሃዛ ማል አና» አለችው፤ የእኔ ነው ማለቷ ነው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ሳቁ ቆመ። መርማሪው ጠባቂዋን «ውሰጃቸው» አላት።

ትምህርቱን ሳንጨርስ እሷን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷት። የት እንደሆነ የነገረን የለም። ብዙም ሳይቆይ እኔን ከሌሎች ሴቶች ጋር አሳፍረው ወደ አገሬ መለሱኝ። ፊንጣስ የሚሠሩ ልጆችን አጠያይቄ ነበር፤ ያያት አላገኘሁም።

በቅርቡ እዚህ አዲስ አበባ አንድ ማሠልጠኛ የፓይተን አስተማሪ ይፈልጋል ሲሉኝ ሄድኩ። ኃላፊው ጨዋ ወጣት ነው።

«አስተምረሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አንዲት ልጅ አስተምሬአለሁ።»

«አሁን የት ደረሰች?»

«አላውቅም።»

ልምድ እንደሌለኝ ነገረኝ። ለጀማሪዎች የሚሰጡት ኮርስ ስላለ እንድመዘገብም በትሕትና መከረኝ። አመስግኜው ወጣሁ። ጀህራ ላይ የሳቀብን ሰው ንቀቱን አልደበቀም፤ ልጅቷም ማስኳን ከመጣያው አውጥታ መለሰችለት። ለዚህኛው ጨዋነት ግን ምን እንደሚመለስ አላውቅም።