የአባቴና የአያ ታከለ ክርክር

ባለፈው ነሐሴ ለለቅሶ ወደ በየዳ ስንሄድ የቧሂት መተላለፊያ ነጭ ሆኖ ጠበቀን። ጠዋት የጣለው በረዶ ገና አልቀለጠም። ሚኒባሷ ዳገቱን ሞክራ ሞክራ ጎማዋ በቦታው ተሽከረከረ፤ የጎማ ቃጠሎ ከእርጥብ አፈር ሽታ ጋር ተደባልቆ በመስኮቱ ገባ። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ፀሐይ እስክትወጣ እንድንጠብቅ ነገረን። ወጣት ነው። ውጭ አገር ለበረዶ መንገድ የብረት ጥርስ የተተከለበት ጎማ እንዳለ በስልኩ እንዳየ፣ እንዲህ ያለ ጎማ ቢኖረው ኖሮ ይኼኔ በየዳ ደርሰን እንደነበር አወራን። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ምን ይሠራለታል?» አሉ። ወዲያው ተሳፋሪው ለሁለት ተከፍሎ ይከራከር ጀመር። እኔ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። ጉልበቴን ይጠዘጥዘኛል፣ ለቅሶም በዝቶብኛል፣ ያንን ክርክር ደግሞ በልጅነቴ ጠግቤዋለሁ።

አባቴ ዘውዱ ከደባርቅ ጨውና ሸቀጥ ጭኖ ወደ በየዳ፣ ከበየዳ ደግሞ ገብስ ጭኖ ወደ ደባርቅ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ግቢያችንን ከጎረቤታችን ከአያ ታከለ ግቢ የሚለየው ደረት የሚደርስ የድንጋይ ካብ ብቻ ነው። አያ ታከለም በዚያው መንገድ ላይ የሚነዳ ሹፌር፣ የአባቴም የልጅነት ጓደኛ ነበር። በሰፈራችን ክረምት መግባቱን የምናውቀው በዝናቡ ሳይሆን አያ ታከለ በረዶ ላይ እንዳይንሸራተት ጎማው ላይ በሚያስረው ሰንሰለት ነው። ከጓዳ እየጎተተ ሲያወጣው ድምፁ ውሻችንን ከአልጋ ሥር ይከተዋል፤ ከዚያም ግቢው ላይ ዘርግቶ፣ ቁጢጥ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቀለበት በተቃጠለ ዘይት ያሸዋል። ሚስቱ እትዬ ጥሩነሽ በር ላይ ቆማ «የእኔን ፀጉር እንዲህ አድርጎ ቅቤ የቀባኝ ቀን የለም» እያለች ለእናቴ ታማዋለች። አባቴም ይህን ቀን ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቅ የከረመ ይመስል ክንዶቹን ካቡ ላይ ያስደግፋል።

«ታከለ፣ ዘንድሮም በሬህን ልታስር ነው?»

«እኔ አስሬ ቤቴ እገባለሁ። አንተ እንደተፈታህ ገደል ግባ።»

በዚህ የተጀመረ ክርክር እስከ መስቀል ይዘልቃል። አባቴ ሰንሰለት ለሰነፍ ሹፌር ድፍረት ይሰጣል ባይ ነው፤ በረዶን በከባድ ማርሽ፣ ፍሬን ሳይነኩ፣ እንደ ሕፃን አስተኝቶ ማለፍ ይቻላል ይላል። አያ ታከለ ደግሞ በረዶ የሰው ችሎታ አያውቅም፣ ብረት ግን ያውቃል ይላል። አንዳቸውም ለአንዳቸው አልተረቱም። ቢረቱ ኖሮ ማታ ማታ ምን ሊያወሩ ነበር?

አንድ ዓመት በክረምቱ ማብቂያ እናቴና እኔ በየዳ አያቶቼ ዘንድ ሰንብተን ከአባቴ ጋር ስንመለስ ቧሂት ላይ በረዶ ያዘን። ጋቢናው ውስጥ ከእኛ ጋር ዓይናቸውን ለመታከም ወደ ጎንደር የሚሄዱ አንድ የደብር መርጌታ ነበሩ። በረዶው የመኪናውን ጣሪያ ሲደበድበው የራሳችንን ድምፅ እንኳ መስማት አቃተን፤ ጋብ ሲል ግን መንገዱ፣ ገደሉ፣ የጅብራው ተክል ሁሉ አንድ ነጭ ሆኖ ነበር። አባቴ ቁልቁለቱን እንዳለው በከባድ ማርሽ፣ ፍሬን ሳይነካ ጀመረው። ትንሽ እንደሄድን መኪናው ሳይቸኩል፣ እንደ ሰከረ ሰው በጎኑ ይንሸራተት ጀመር። መርጌታ «እግዚኦ!» ሲሉ፣ እናቴ እጄን ስትጨብጥ፣ አባቴ መሪውን ወደ ተራራው ሲያዞር ትዝ ይለኛል። የቆምነው የኋላው ጎማ የገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ ነው።

እናቴ ዘላ ወርዳ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀች። አባቴ መሬቱን ለማሻከር ከጭነቱ ገብስ ሊበትን ጆንያ መፍታት ሲጀምር መርጌታ በትራቸውን ከፊቱ ደቀኑ።

«እህልማ አይረገጥም፣ ልጄ! ይልቅ ይኼ ይረገጥ» ብለው የለበሱትን ጋቢ አወለቁና ሰጡት። ጎማው ጋቢውን ጎርሶ፣ ቦጫጭቆ ወደ ኋላ ተፋው። መኪናው ወደ ፊት መሄዱ ቀርቶ ትንሽ ወደ ገደሉ ተጠጋ። አባቴ ሞተሩን አጠፋ። 

ሁላችንም ወርደን መንገዱ ዳር በብርድ ስንንቀጠቀጥ ከላይ በኩል የሰንሰለት ድምፅ ሰማን። አያ ታከለ ከበየዳ እየመጣ ነበር። መኪናውን ከላያችን አቁሞ ወረደ፤ የአባቴን ጎማ አየ፣ ገደሉን አየ። ስንት ዓመት ያጠራቀመውን ፌዝ አሁን ሊያወርድበት ነው ብዬ ስለ አባቴ አፈርኩ። እሱ ግን በረዶው ላይ ተንበርክኮ ከራሱ መኪና የአንዱን ጎማ ሰንሰለት ፈታ።

«ተው እንጂ፣ አንተስ?» አለ አባቴ።

«አፍህን ዝጋና መሪህን ያዝ።»

ሰንሰለቱን በአባቴ መኪና ጎማ ላይ አያ ታከለ ራሱ አሰረው። አባቴ ቀድሞ፣ አያ ታከለ ከኋላው ተከትሎ፣ ሁለቱም በአንድ በአንድ ሰንሰለት እያነከሱ ቁልቁለቱን ወረዱ። ደባርቅ ስንደርስ መርጌታ በእናቴ ነጠላ ተጠቅልለው ነበር። ስለዚያ ቀን ሁለቱም ለማንም አላወሩም፤ በሚቀጥለው ክረምት አባቴ ካቡ ላይ ተደግፎ «ዘንድሮም በሬህን ልታስር ነው?» ሲል እናቴ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች።

አያ ታከለ የሞተው በበጋ ነው። ሊማሊሞ ላይ፣ መንገዱ አቧራ ብቻ በሆነበት፣ ፀሐይ በሚያቃጥልበት ቀን ፍሬን እምቢ አለው። ሰንሰለቱ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ነበር። ገደል ወርደው አስከሬኑን ካወጡት ሰዎች አንዱ አባቴ ነው። ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ እናቴ ውኃ ብታቀርብለት እጁን እንኳ አልታጠበም።

ከዚያ ወዲህ አባቴ በረዶ ባየ ቁጥር መኪናውን አቁሞ እስኪቀልጥ የሚጠብቅ ሹፌር ሆነ። ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ ነጋዴው ይቆጣል፤ እሱ መሪው ላይ እጁን አጣምሮ ነጩን ይመለከታል። ነጋዴዎቹ ቀስ በቀስ ጭነታቸውን ለሌላ ሰጡ። በመጨረሻም መኪናውን ሸጦ ቤት ዋለ።

ዛሬ ካቡ ፈርሷል፣ በሁለቱ ግቢዎች ላይ አንድ ሆቴል ቆሟል። እትዬ ጥሩነሽ ልጇ ዘንድ ሄዳ እዚያው አረፈች፤ እናቴም አባቴም የሉም። እኔም አባቴ መንዳት በተወበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። መኪናውን በሸጠ ሰሞን በልጅ ድፍረት «አባባ፣ በረዶውን ፈርተህ ነው?» ብዬ ጠይቄው ነበር። ወደ ካቡ እያየ መለሰልኝ።

«ፍርሃትስ አይደለም፣ ልጄ። ድሮ ከኋላዬ የሚመጣ ሰው ነበር።»